ፕላውደን፦ ስለ አንድ ብርቅ የእንግሊዝ ስም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ዋልተር ፕላውደን፣ የእንግሊዝ ቆንስል፣ ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው። ከዚያ ውጭ ግን ስሙን የሚያነሳው ብዙ አይደለም። እንግሊዝ አገር ራሱ ብትሄዱ ፕላውደን የሚባል ሰው ሳታገኙ ዓመታት ልትቆዩ ትችላላችሁ። ይህ ገጽ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ስሙ ነው፤ ከየት ተነሳ፣ የት የት ሄደ፣ ዛሬስ የት ይገኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ከየት መጣ?

ከመሬት ነው የመጣው። ሽሮፕሻየር ከዌልስ ጋር የሚዋሰን የምዕራብ እንግሊዝ ካውንቲ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ሎንግ ሚንድ ከሚባለው ተራራ ግርጌ፣ በኦኒ ወንዝ አካባቢ ፕላውደን የምትባል መንደር አለች። መንደር ማለትም ይበዛባታል፤ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ድሮ ባቡር ይቆምባት ነበር፤ መስመሩ በ1935 ተዘጋ።

የቦታ ስም አጥኚዎች በጥንታዊው እንግሊዝኛ "ጨዋታ የሚካሄድበት ሸለቆ" ማለት ነው ይላሉ። ምን ዓይነት ጨዋታ እንደነበር የጻፈ የለም።

ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ባለርስቶች በያዙት መሬት መጠራት ጀመሩ። ስሙም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ጀመር። ተራው ሕዝብ ዘግይቶ ነው የተከተለው፤ እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ቋሚ የቤተሰብ ስም ነበረው። ፕላውደኖች ከቀደሙት መሃል ናቸው። የቤተሰቡ ወግ ሮጀር ደ ፕላውደን የተባለ ፈረሰኛ በመስቀል ጦርነት ጊዜ፣ በ1191 በአክሬ ከተማ ከበባ እንደተዋጋ ይናገራል። በሰላም ከተመለስኩ ጸሎት ቤት አሠራለሁ ብሎ ተስሎ ነበር አሉ። ሊድቡሪ ኖርዝ በምትባለው ጎረቤት መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፕላውደን ጸሎት ቤት የሚባለው ክፍል ዛሬም አለ።

ፕላውደኖች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው?

ከስሚዞች ይልቅ እነሱ ዘመድ የመሆን ዕድላቸው በጣም ሰፊ ነው። ስሚዝ አንጥረኛ ማለት ነው። አንጥረኛ የሌለው መንደር ስላልነበረ ስሙ መቶ ቦታ በየራሱ በቀለ። ፕላውደን የምትባለው ቦታ ግን አንዲት ናት።

የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት ይህን በዘረመል ፈትሸውታል። የአባት መስመርን የሚከተለው ዋይ ክሮሞዞም ብርቅ ስም ባላቸው ወንዶች መሃል ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ስሚዞች ግን ከመንገድ ከተጠራቀመ ሰው የተለየ ዝምድና አልታየባቸውም።

ቢሆንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመንደሩ ወጥቶ ሌላ ከተማ የገባ ገበሬም "የፕላውደኑ ሰው" ሊባል ይችላል፤ ከባለርስቱ ጋር ጠብታ ደም ሳይጋራ። በጉዲፈቻም፣ ከጋብቻ ውጭ በሚወለድ ልጅም ስም ይዞራል። ወደ አሜሪካ ስንሻገር ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ሌላ ነው። እዚያ እንደርሳለን።

"ብርቅ" የሚባለው ስንት ሰው ሲይዘው ነው?

የተቆረጠ መስፈሪያ የለም። ለመነሻ ያህል፣ ኦክስፎርድ በ2016 ያወጣው ትልቁ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45 ሺህ በላይ ስሞችን ይዟል። ዛሬ ከ100 በላይ ተጠሪ ያለው ስም ሁሉ ገብቶበታል።  ስለዚህ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ስም ሁሉ ብርቅ ሊባል ይችላል።

ለምን አልበዛም?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ ከሆነ፣ ወንድ ልጅ ያልወለደ ሁሉ መስመሩን ዘጋ ማለት ነው። ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን የተባሉ ሰዎች በ1870ዎቹ ይህን በሒሳብ አሳይተዋል። ጥቂት ሰው የያዘው ስም በአጋጣሚ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ማንም ምንም ሳያደርግ።

ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው፤ እሱ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ሃይማኖት ከስም ጋር ምን አገናኘው?

እንግሊዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሮም ስትለይ የፕላውደን ቤት ካቶሊክ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም። ቅጣት አለው፣ ከሹመት ማገድ አለው። የፕላውደን ሆል መኖሪያ ዛሬም ቆሟል፤ ቄስ የሚደበቅባቸው ስውር ጉድጓዶች አሉበት።

የቤቱ ትልቁ ሰው ኤድመንድ ፕላውደን ነው፣ ከ1518 እስከ 1585 የኖረው የሕግ ሊቅ። ለንደን ያለው የሚድል ቴምፕል (የጠበቆች ማኅበር) አዳራሽ የተሠራው በእሱ ተቆጣጣሪነት ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሃይማኖትህን ከለወጥክ ትልቁን የፍትሕ ሹመት እሰጥሃለሁ አለችው፣ እሱ እምቢ አለ የሚል ወግ አለ። ከዚያ የሚጣፍጠው ግን ሌላኛው ወግ ነው። ድብቅ ቅዳሴ አስቀደሰ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ምስክር ሲጠይቅ ቀዳሹ ቄስ እንዳልሆነ አወጣ፤ ሰው ለማስያዝ የተላከ ተራ ግለሰብ ነበር። ኤድመንድም "እንግዲህ ነገሩ ተለወጠ፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም" ብሎ ክሱን አፈረሰው። "ነገሩ ተለወጠ አለ ፕላውደን" የሚለው አባባል ለዘመናት በእንግሊዞች አፍ ቆይቷል።

ወደ ስሙ እንመለስ። ካቶሊክ ቤት በየትውልዱ ልጆቹን ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም መነኮሱ። እኛ ከሱስንዮስ ዘመን የምናውቃቸው ኢየሱሳውያን ውስጥ የገቡ ፕላውደኖች አሉ። ቻርልስ ፕላውደን (1743–1821) የእንግሊዝ ኢየሱሳውያን አለቃ እስከ መሆን ደርሷል። መነኩሴ ደግሞ ስም አያወርስም። በየትውልዱ አንድ ሁለት ወንድ ወደ ገዳም ሲገባ ከቤተሰቡ ዛፍ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ይቆረጣል።

ለዛሬ ፈላጊም መዘዝ አለው። የአጥቢያ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በ1538 ሲጀመር የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሆኖ ነው። ካቶሊክ ልጁን በድብቅ ካስጠመቀ እዚያ ላይ አይገኝም። የሚገርመው፣ የሚገኘው በቅጣት መዝገብ ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ያሉ ሰዎች ከ1592 ጀምሮ ስማቸው በተለየ ጥቅል እየተጻፈ ይቀጡ ነበር። ለትውልድ አጥኚ እነዚህ ጥቅሎች ወርቅ ናቸው።

ድሮ ከሽሮፕሻየር ውጭ የት ነበሩ?

ርስትን ተከትለው ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ወርደዋል። ሺፕሌክ በኦክስፎርድሻየር፣ በርግፊልድ በበርክሻየር፣ አስተን ለ ዎልስ በኖርዝሃምፕተንሻየር፣ እነዚህ ሁሉ የፕላውደን እጅ የነበሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ለንደን ደግሞ ለጠበቆቹ ሁለተኛ ቤት ነበረች። እንግዲህ በድሮ ካርታ ላይ ስሙ ከዌልስ ጠረፍ ተነስቶ ወደ ቴምዝ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ ቀጭን መስመር ይሆናል። ሰሜን እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ ይህ ነው የሚባል አሻራ የለውም።

ታዲያ ህንድ እንዴት ገባች?

አንደኛው ቅርንጫፍ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በኩል ሄዶ እዚያው ቤንጋል ውስጥ ሥር ሰደደ። ይህን ቅርንጫፍ ለመለየት ቀላል ነው፤ "ቺቸሊ" የሚል መካከለኛ ስም ያበዛል። ትሬቨር ቺቸሊ፣ ዊልያም ቺቸሊ፣ ዋልተር ቺቸሊ። ስሙ ብርቅ ቢሆንም የመጀመሪያ ስሞቹ እየተደጋገሙ ስለሚያስቸግሩ ይህ መካከለኛ ስም ለአጥኚ ትልቅ እፎይታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ብሪታንያ ስሞች ሥርጭት የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚነሳው ከ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራው የተካሄደው ሚያዝያ 3 (ኤፕሪል) ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 17 (ፌብሩዋሪ) ህንድ ውስጥ ሌላ ቆጠራ ተደርጓል። ከ250 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጠረ። ይህን የመራው ኮሚሽነር ዊልያም ቺቸሊ ፕላውደን ነው። ሩብ ቢሊዮን ሰው የቆጠረው ሰው ራሱ ጥቂት ሰው የያዘው ስም ተሸካሚ ነበር።

ከዚሁ ቅርንጫፍ በ1874 ህንድ የተወለደችው ፓሜላ ፕላውደን አለች። ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል የመጀመሪያ ፍቅሩ አድርጓት ነበር። በ1902 ሌላ አግብታ የሊተን እመቤት ተባለች፤ የፕላውደን ስምም ከእሷ ላይ ወረደ። በተቃራኒው ደግሞ ብሪጅት ፕላውደንን ተመልከቱ። በ1967 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የወጣው የፕላውደን ሪፖርት ሰብሳቢ ናት፤ ለብዙ የእንግሊዝ መምህር ፕላውደን ማለት እሷ ነች። ስሙን ያገኘችው ግን ከባሏ ከኤድዊን ፕላውደን ነው። የመዝገብ ስም አንዲትን ሴት ያወጣል፣ ሌላዋን ያስገባል።

ዋልተር ፕላውደን ወደ ኢትዮጵያ እንዴት መጣ? ስሙስ እኛ ጋ ቀርቷል?

የቤንጋሉ ቅርንጫፍ ልጅ ነው፣ በ1820 የተወለደ። በ19 ዓመቱ ካልካታ ውስጥ አንድ ንግድ ቤት ተቀጠረ። አልተመቸውም። በ1843 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ስዊዝ ላይ ጆን ቤል ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ፤ የነጭ አባይን ምንጭ እንፈልግ ተባብለው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። በ1848 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ። ካሳ ነግሦ ቴዎድሮስ ሲባልም ወዳጅነቱን ቀጠለ። በ1860 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሳ ጎንደር አጠገብ የሸፈተው የጋረድ ሰዎች አቁስለው ማረኩት። በገንዘብ ተለቀቀ፤ ግን ቁስሉ አልማረውም፣ በመጋቢት ወር ሞተ። ቴዎድሮስ ደሙን ተበቀሉ፤ በዚያ ውጊያ ጆን ቤልም ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው ቆንስል ካሜሮን ነው። የቀረውን፣ እስከ 1868ቱ መቅደላ ድረስ ያለውን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስሙ ግን እኛ ጋ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው የቀረው። እዚህ ሥር ሊሰድ የሚችልበት መንገድም አልነበረም። በእኛ አጠራር ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ ደግሞ የራሱን አባት ስም። ማንኛውም የውጭ ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ከመጠሪያው ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ ፕላውደኖች በዝተው የሚገኙት ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዛሬ ስሙ በብዛት ያለው እንግሊዝ ሳይሆን አሜሪካ ነው።

መጀመሪያ የከሸፈ ሙከራ ነበር። የሕግ ሊቁ ዘር የሆነው ሰር ኤድመንድ ፕላውደን በ1634 ኒው አልቢየን የሚባል ሰፊ ግዛት በወረቀት ተሰጠው፤ የዛሬዋን ኒው ጀርዚን የሚጨምር። በ1640ዎቹ ወደዚያ ሄደ። የራሱ መርከበኞች አመፁበትና ያለ ስንቅ ደሴት ላይ ጥለውት ሄዱ። ከሞት ተርፎ እንግሊዝ ገባ፤ ግዛቱም ወረቀት ላይ ቀረ። በኋላ ሌሎች ፕላውደኖች ሜሪላንድ ሰፈሩ። ሜሪላንድ ለካቶሊኮች መጠጊያ ተብላ የተመሠረተች ስለነበረች አይገርምም።

ብዛቱ የመጣው ግን ከደቡብ ነው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በክላሬንደንና በሰምተር ካውንቲዎች አካባቢ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከያዙትም ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ምክንያቱን መዝገቡ ይናገራል። በ1850 እና በ1860 ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች የሚጻፉት በጌታው ስም ስር ነበር፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ስም የለም። በስማቸው መጻፍ የጀመሩት በ1870 ቆጠራ ነው፣ ከነጻነት በኋላ። ብዙዎች ያስመዘገቡት የቀድሞ ባለቤት ስም ነበር፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የአባት መስመር እንፈልጋለን የሚሉ ሰዎች እዚህ ግንብ ይገጥማቸዋል። የስም ካርታ የዘር ካርታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ክላሬንደን ካውንቲን ይመልከት።

ዛሬ ብሪታንያ ውስጥስ የት ናቸው?

ፕላውደን ሆል አሁንም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ ያንን ያህል ዘመን አንድ መሬት ይዞ በመሬቱ ስም መጠራት እንግሊዝ ውስጥ ራሱ ብርቅ ነው። የቀረው ከሌላው ሰው ጋር ተበትኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ለንደንና ደቡብ ምሥራቅ ስለነበረ የገጠር ስሞች ሁሉ ወደዚያ ተስበዋል። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የ1881 እና የ1998 ሥርጭቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ያዘጋጃቸው ካርታዎች ላይ አንድ ነገር ይታያል። ከቦታ የተወለዱ ስሞች ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ከትውልድ ቀያቸው ብዙ አይርቁም።

ካርታው ላይ ሽሮፕሻየር ደምቆ ለንደን ከደበዘዘ፣ ብዙዎቹ ሽሮፕሻየር ናቸው ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ብዛትን ሳይሆን ድርሻን ነው። በ1881 ሽሮፕሻየር 250 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት፣ ለንደን ደግሞ 3.8 ሚሊዮን። ለምሳሌ ያህል በሁለቱም 10 ሰው አለ እንበል። ሽሮፕሻየር ላይ ከሚሊዮን 40 ይሆናል፣ ለንደን ላይ 3 አይሞላም። ስለዚህ አንደኛው ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ይወጣል፤ የሰው ቁጥር ግን እኩል ነው።

ብርቅ ስም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በቆጠራው ሌሊት አንድ ቤተሰብ ከስድስት ልጅ ጋር አክስት ጋ ሄዶ ካደረ፣ ስሙ የአክስቲቱን ካውንቲ ያቀላል። ሁሌም ከካርታው ወደ ዝርዝሩ ውረዱ።

እኔም ልፈልግ ብል ከየት ልጀምር?

ከዛሬ ወደ ኋላ ሂዱ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ1837 ነው፤ ስኮትላንድ በ1855፣ አየርላንድ ሙሉ በሙሉ በ1864። በብሪታንያ ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ በስም አለ። የግለሰብ ዝርዝር ለ100 ዓመት ስለሚዘጋ ለሕዝብ የተከፈተው የመጨረሻው የ1921 ነው፤ በ2022 ወጥቷል። የ1931 የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ በ1942 በእሳት ወድሟል። የ1941 ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት አልተደረገም። ክፍተቱን የሚሞላው በ1939 ለመታወቂያ ወረቀት ተብሎ የተሠራው ምዝገባ ነው።

የ1881 ቆጠራን በበጎ ፈቃደኞች ስለተገለበጠ በነጻ ማየት ይቻላል። ገጹን ስትከፍቱ ቤት በቤት ነው፤ የቤቱ ኃላፊ፣ ከእሱ ጋር ያለው ዝምድና፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የትውልድ ቦታ። ለፕላውደን ፈላጊ ዋናው የትውልድ ቦታው ዓምድ ነው። "ሽሮፕሻየር" የሚለውና "ምሥራቅ ህንድ" የሚለው ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎችን ይጠቁማል።

የአጻጻፍ ልዩነትንም አትርሱ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ገልባጩ ደግሞ ያነበበውን። ፕላውደን፣ ፕላውዶን፣ ፕሎይደን፣ ሁሉንም ሞክሩ።

እንግሊዝ ያለን ሐበሾች ስማችን እንዲህ ካርታ ላይ ይወጣል?

ይወጣል፤ ግን የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በቀለ ወይም ተስፋዬ በሚል ላስት ኔም የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት አንድ የተወደደ ስም እንጂ አያት አይደለም። ወንድምና እህት እንኳ አንዱ በአባት፣ አንዱ በአያት ስም ተመዝግበው ይገኛሉ፤ እንደ ገቡበት ወረቀት ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ወላጅ ለልጁ የፈለገውን የቤተሰብ ስም እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። አንዳንዱ ሐበሻ በአገሩ ወግ የአባትን ስም ይሰጣል፤ ያኔ አባትና ልጅ የተለያየ ላስት ኔም ይዘው ኤርፖርት ላይ ይጠየቃሉ። አንዳንዱ የአያትን ስም አጽንቶ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። የኋለኛው ከሆነ ስሙ ልክ እንደ ፕላውደን መውረስ ይጀምራል፤ ልዩነቱ መነሻው መሬት ሳይሆን አንድ ሰው መሆኑ ነው። ይህን የመረጣችሁ ከሆናችሁ የዚያን አያት ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነትውልድ ቦታው ጽፋችሁ ከልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። የእንግሊዝ ምስክር ወረቀት ለእሱ የሚሆን ዓምድ የለውም።